የወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ፍቅርና የቤተ መንግሥቱ ሴራ፦ በመድረክ ላይ እንዴት ይቅረብ?

ቱሉዲምቱ_መድረክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ያለን የወጣቶች ቴአትር ክበብ ነን። በቻይና የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን በ17 ዓመቱ ዙፋን ላይ ስለወጣው ስለ ንጉሠ ነገሥት ሹዋን፣ ስለ ባለቤቱ ስለ ሹ ፒንግጁንና በእሷ ላይ ስለተጎነጎነው ሴራ የሁለት ገቢር ተውኔት እያዘጋጀን ነው። በገላንና በዱከም ፋብሪካዎች የሚሠሩ ቻይናውያንም ስለሚጋበዙ ታሪኩን ማዛባት አንፈልግም። የተቸገርነው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሳለ ሚስቱን ከመርዝ ያላዳናት ለምንድን ነው? «አሮጌውን ሰይፌን ፈልጉልኝ» ያለበት አዋጅስ ለተመልካች እንዲገባ እንዴት ይቅረብ? በረቂቃችን መጨረሻ ንጉሡ በዙፋኑ አዳራሽ ሰይፍ መዝዞ ጠላቶቹን ይጥላል፤ ይህ ለአንዳንዶቻችን አልተዋጠልንም። ተዋንያኑ አሥራ ሁለት ናቸው፣ መድረኩ የቀበሌ አዳራሽ ነው፣ ለአልባሳትና ለቁሳቁስ የያዝነው ገንዘብም ትንሽ ነው።

መዝገብ_አገላባጭ፦

የሰይፉን ፍልሚያ አውጡት። ሹዋን ያሸነፈው በሹም ሽር ነው፤ የታሪኩ ውበትም ያ ነው። ግን ከሥሩ ካልተነሣን ፍቅሩም ሴራውም አይገባም።

የልጁ ስም ሊዩ ቢንግዪ ነው፤ የተወለደው በ91 ቅ.ል.ክ. ነው። በዚያው ዓመት አያቱ አልጋ ወራሹ፣ በንጉሠ ነገሥት ዉ ላይ ጥንቆላ አሠርቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ነፍጥ አነሣ፤ ተሸንፎም ሞተ። ወላጆቹም አብረው አለቁ። እሱ የጥቂት ወራት ሕፃን ስለነበር ወህኒ ገባ። የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢንግ ጂ ከሴት እስረኞች መካከል የሚያጠቡት መርጦ አሳደገው። በ87 ቅ.ል.ክ. «በእስር ቤት በኩል የንጉሥነት ምልክት ታየ» ተብሎ በዋና ከተማዋ በቻንግአን ያሉ እስረኞች ሁሉ እንዲገደሉ ሲታዘዝ፣ ቢንግ ጂ በሩን ዘግቶ የንጉሡን መልእክተኛ እስኪነጋ ድረስ አላስገባም። ወህኒ አምባን ለሚያውቅ ያገራችን ተመልካች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መክፈቻችሁ ይሁን።

ከዚያ ልጁ የቤተ መንግሥት ሴቶች በሚኖሩበት ግቢ አደገ። አሳዳጊው ጃንደረባው ጃንግ ሄ ነው። ጃንግ ሄ የልጁ አያት አገልጋይ ስለነበር ነው የተሰለበው፤ ፍቅሩ ከዚያ ይመነጫል። መጀመሪያ የራሱን የልጅ ልጅ ሊድርለት አሰበ፤ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሹም የነበረው ወንድሙ ጃንግ አንሺ ተቆጥቶ ከለከለው። ስለዚህ እዚያው ግቢ የሚሠራውን ሹ ጓንግሃንን መጠጥ ጋብዞ ልጁን ጠየቀው፤ ለጥሎሹም ከራሱ ኪስ ከፈለ። ጓንግሃንም ስልብ ነው፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ኮርቻ በራሱ ፈረስ ላይ መጫኑ ነበር። የልጅቷ እናት ጋብቻውን ስትሰማ በጣም ተናደደች። ሙሽራው የሚበላውን የሚያገኘው ከሚስቱ ቤተሰብና ከሴት አያቱ ዘመዶች ነበር። ዙፋኑ ሲመጣለት ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ሆኖ ነው ያገኘው። በረቂቃችሁ ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ የሚተዋወቁ ከሆነ ያንን ቀይሩት፤ የሰይፉ ነገር ትርጉም የሚያገኘው በድህነቱ ዘመን ስላገባት ብቻ ነው።

ሚስቱን ለምን አላዳናትም ላላችሁት፣ በ74 ቅ.ል.ክ. ማን ምን እንደያዘ እዩ። ወጣቱ ንጉሥ ጃኦ ያለ ልጅ ሞተ። እንደራሴው ሁዎ ጓንግ መጀመሪያ ሊዩ ሄ የሚባለውን መስፍን አነገሠ፤ በ27 ቀኑ 1127 ጥፋት ተቆጥሮበት ወረደ። የሽረቱ ትእዛዝ የወጣው በእቴጌ ሻንግጓን ስም ነው፤ እሷም የሟቹ የጃኦ ሚስት፣ የሁዎ ጓንግም የሴት ልጁ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ 15 ገደማ። የሁለቱን ታላላቅ ቤተ መንግሥቶች ዘበኛ የሚያዙት የሁዎ ጓንግ አማቾች ናቸው። ለንጉሡ የሚጻፍ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይገባል፤ ሁለተኛውን ቅጂ አስቀድሞ የሚከፍተው ጽሕፈት ቤቱን የያዘው ሰው ነው፣ ካልወደደው ዋናው ንጉሡ ዘንድ አይደርስም። አዲሱ ንጉሥ ከሁዎ ጓንግ ጋር በአንድ ሠረገላ ተቀምጦ ወደ አባቶቹ መቅደስ ሲሄድ ጀርባውን እሾህ እንደሚወጋው ሆኖ ተሰምቶታል ይላል ዜና መዋዕሉ። በዚህ ላይ ቆሞ ነው ስለ ሚስቱ የሚናገረው።

መኳንንቱ ሁሉ በልባቸው ንግሥት ያደረጉት የሁዎ ጓንግን ትንሿን ልጅ ሁዎ ቼንግጁንን ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ንጉሡም ስለ ሚስት አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ በድህነቱ ዘመን የነበረው አሮጌ ሰይፍ ይፈለግልኝ ብሎ አዋጅ አወጣ። መኳንንቱ ገባቸው፤ ሹ ፒንግጁን ትንገሥ ብለው ራሳቸው ጠየቁ። በመድረክ ላይ እንዲሠራ ሰይፉን በሠርጉ ትዕይንት አሳዩት፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ እሷ ታንሣው፣ ይበቃል። አዋጁ ሲነበብ ማንም አያብራራ። አንባቢው ይጨርስ፣ ዝምታው ይርዘም፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሹም ብቻ ስሟን ይጥራ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱ ገጸ ባሕርይ ለሌላው «ሰይፍ ሲል ሚስቱን ማለቱ እኮ ነው» ብሎ ሲተረጉም ነው። ሁዎ ጓንግም በዚህ ትዕይንት አይቆጣ። ቅሬታውን ያሳየው በኋላ፣ አባቷ የተቀጣ ስልብ ስለሆነ ማዕረግ አይገባውም ብሎ በመከልከል ነው።

እቴጌዋን_አትርሱ፦

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የመርዙን ትዕይንት ልጨምር፤ በቻይና ዜና መዋዕል ውስጥ እንዲህ ተሟልቶ የተጻፈ ሴራ ጥቂት ነው። ዓመቱ 71 ቅ.ል.ክ. ነው። ሹ ፒንግጁን እርጉዝ ናት፣ ታማለች። ሴቷ ሐኪም ቹንዩ ዬን ልታክማት ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ባሏ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነውና «የሁዎን ሚስት ተሰናበቻት፣ በዚያውም የጨው ኩሬው አስተዳዳሪነት እንዲሰጠኝ ለምኚልኝ» ይላታል። የሁዎ ጓንግ ሚስት ሲየን አጃቢዎቿን ታስወጣለች፣ ሐኪሟንም በአክብሮት ስሟ ትጠራታለች። በአማርኛ ይህን ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ሲየን በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል «አንቺ»ን ትታ «እርስዎ» ማለት መጀመሯ ነው፤ ተመልካቹ ጉቦው መሰጠት እንደጀመረ ያኔውኑ ያውቃል። የሲየን ክርክር፣ ሴት ስትወልድ ለሞት ቅርብ ናትና ማንም አይጠረጥርም የሚል ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን ብዙ ሰው ነው የሚቀምመው፣ አስቀድሞም ይቀመሳል ትላለች። ሲየን፦ ያ የአንቺ ብልሃት ነው፣ አገሩን የሚገዛው ባለቤቴ ነው፣ ማን ይናገራል?

መርዙ ፉዚ የሚባል የተክል ሥር ነው። በቻይና መድኃኒት ዛሬም አለ፤ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ነው የሚሰጠው፣ በአግባቡ ካልተዘጋጀ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል። ቹንዩ ዬን ደቁሳ ይዛ ገባች፣ ንግሥቲቱ ከወለደች በኋላም ሐኪሞቹ ባዘጋጁት ትልቅ እንክብል ውስጥ ቀላቀለችው። ስለዚህ ጽዋ አይቅረብ፣ አረፋ መድፈቅና መንፈራገጥም አያስፈልግም። ንግሥቲቱ ራሴ ከበደኝ፣ መድኃኒቱ ውስጥ መርዝ ይኖር ይሆን? ትላለች፤ ሐኪሟ የለም ትላለች። ከዚያ ጭንቀቷ እየባሰ ሄዶ ትሞታለች። ተዋናይቷ ከንፈሯ እንደደነዘዘ አድርጋ ቃሉን ብታጓትት ከፉዚ ጠባይ ጋር ይስማማል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፦ ሁዎ ጓንግን የመርዙ አዛዥ አታድርጉት። አስቀድሞ አላወቀም። ሐኪሞቹ በቸልተኝነት ተከሰው ሲታሰሩ ሲየን ፈርታ ነገረችው። ደነገጠ፣ ዝም አለ፤ ማመልከቻው በእጁ ሲደርስ ግን ቹንዩ ዬን እንዳትመረመር ጻፈበት። ጥፋቱ ይህ ፊርማ ነው፤ ለትልቅ ተዋናይ የሚሆን ትዕይንትም ይህ ነው።

ክርና_ቀርከሃ፦

በቁሳቁሱ በኩል የምላችሁ፦ ርካሹ ትክክለኛ ነው፣ ውድ የሚመስለው ብዙው ስሕተት ነው። ወንበር አትከራዩ። የዚያ ዘመን ሰው ሰሌን ላይ ተንበርክኮ፣ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዝቅ ያለ ትንሽ ገበታ ይቀርብለታል። ቁመቱ ከጉልበት ካለፈ ይበዛል። ቀሚሱ ደረቱ ላይ ይደራረባል፣ የግራው ጎን ከላይ ሆኖ ወደ ቀኝ ይዘጋል። ገልብጣችሁ ካለበሳችሁ የሬሳ አለባበስ ነው የሚሆነው፤ ቻይናውያኑ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው። የወንዶቹ ፀጉር አናት ላይ ይቋጠር፤ ግንባር ተላጭቶ ከኋላ የሚጎነጎነው ከ1644 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣ ነው፣ እናንተ ከምትሠሩበት ዘመን 1700 ዓመት ያህል ይርቃል።

ወረቀት መድረክ ላይ አይታይ። አዋጁ የሚጻፈው በእንጨት ወይም በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ነው። የተለመደው ስንጣሪ 23 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፣ የንጉሥ አዋጅ ግን በትንሹ ይበልጣል፣ ወደ 25። ወርዱ 1 ሳንቲሜትር ይሁን። ሁለት ቦታ ላይ በቀጭን ገመድ አያይዙት፤ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች፣ መሥመሮቹም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ገመዱን በጣም ካጠበቃችሁት አይጠቀለልም፣ ካላላችሁት ስንጣሪዎቹ ይንሸራተታሉ፤ በየስንጣሪው መሐል አንድ ጊዜ ቋጥሩት። ማኅተሙ የሚመታው በቋጠሮው ላይ በሚለጠፍ ጭቃ ላይ ነው። ትልቅ ማኅተም አትቅረጹ፦ በ1968 እ.ኤ.አ. በሺያንያንግ የተገኘው፣ ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ የተሠራው የሃን ዘመን ንግሥት ማኅተም ጎኑ 2.8 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ጸሐፊው ስሕተት የሚፍቅበት ትንሽ ቢላ ከጎኑ ያስቀምጥ።

ቱሉዲምቱ_መድረክ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ፍልሚያውን አውጥተነዋል። ታዲያ ሹም ሽር በመድረክ ላይ አሰልቺ እንዳይሆን ምን እናድርግ? የእቴጌዋ ትዕይንት ይቅር ወይስ ይግባ?

እቴጌዋን_አትርሱ፦

ይግባ። ሹ ፒንግጁን በየአምስት ቀኑ ወደ ቻንግለ ቤተ መንግሥት እየሄደች ለእቴጌ ሻንግጓን በገዛ እጇ ገበታ ታቀርብ ነበር። እቴጌዋ በማዕረግ አያቷ ናት፣ በዕድሜ ግን እኩያዋ። በ70 ቅ.ል.ክ. ሁዎ ቼንግጁን ስትነግሥ ያንኑ ሥርዐት ቀጠለች፤ ግን ቼንግጁን ለእቴጌዋ የእናቷ እህት ናት፤ ስለዚህ አክስቷ ስትገባ እቴጌዋ ተጨንቃ ትነሣለች። አንድን ትዕይንት ሁለት ጊዜ፣ ገበታውን የያዘችውን ሴት ብቻ ቀይራችሁ ሥሩት። የአንደኛዋ አጃቢና ልብስ ጥቂት ነው፣ የሁለተኛዋ ብዙ።

መዝገብ_አገላባጭ፦

ሹም ሽሩ እንዳይሰለች፣ መድረኩ ላይ ሁለት በር ይኑር፣ በየበሩም ዘበኛ ይቁም። ተመልካቹ በሮቹ የማን እንደሆኑ ከመጀመሪያው ይወቅ። ሁዎ ጓንግ በ68 ቅ.ል.ክ. ሞተ፤ ንጉሡ በታላቅ ክብር ቀበረው፣ ከዚያም በየአምስት ቀኑ ራሱ ችሎት መቀመጥ ጀመረ። ዌይ ሺያንግ የሚባል ሹም በሟቿ ንግሥት አባት በሹ ጓንግሃን በኩል ባቀረበው ምክር የማመልከቻው ሁለተኛ ቅጂ ቀረ። ማመልከቻ የሚያፍነው እጅ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ይህ ከየትኛውም ሰይፍ ይበልጣል። በ67 ከሟቿ የወለደውን ሊዩ ሺን አልጋ ወራሽ አደረገ። ሲየን ተናዳ ልጁንም መርዢው ብላ ቼንግጁንን አዘዘቻት፤ ንግሥቲቱ ልጁን እየጠራች ብታበላም ሞግዚቶቹ ሁልጊዜ አስቀድመው ስለሚቀምሱ አልሆነላትም።

ከዚያ ሽረቱ በሹመት ስም መጣ። የአንደኛው በር አዛዥ ፋን ሚንግዮ ወደ ሌላ ማዕረግ ተዛወረ። የሁለተኛው በር አዛዥ ዴንግ ጓንግሃንም እንዲሁ። ሌሎቹ አማቾች በሩቅ አውራጃዎች አገረ ገዥ ተባሉ። የሁዎ ጓንግ ልጅ ሁዎ ዩ ደግሞ አባቱ የነበረበትን ትልቁን የጦር ማዕረግ ተቀበለ፣ ግን ያለ ማኅተምና ያለ ወታደር። በየሹመቱ የበሩ ዘበኛ መታጠቂያውን አውልቆ ለሟቿ ለፒንግጁን ዘመድ ያስረክብ፤ ተዋንያኑ ያው ሆነው ልብሱ ብቻ ሲለዋወጥ ተመልካች በዓይኑ ይቆጥራል። በ66 ሁዎዎች፣ እቴጌዋ ግብዣ ትጥራና እዚያው ዌይ ሺያንግና ሹ ጓንግሃን ይገደሉ፣ ንጉሡም ይውረድ ብለው ሲያሤሩ፣ ገዳይ ያደረጓቸው ያንኑ ፋንና ዴንግ ነበር፤ በሮቹ ግን ከእጃቸው ወጥተዋል። ነገሩ ተሰማ፤ ሁዎ ዩ ከወገቡ ተቆረጠ፣ ሲየን ተገደለች፣ ቼንግጁን ከንግሥትነቷ ተሽራ ከ12 ዓመት በኋላ ራሷን አጠፋች።

መጨረሻችሁን በግድያው ላይ አታቁሙት፣ ወደ 64 ቅ.ል.ክ. ውሰዱት። ንጉሡ ሦስተኛ ንግሥት ሲመርጥ ልጅ የሌላትንና ጠንቃቃዋን ዋንግን መረጠ፤ የፒንግጁንን ልጅ እንድታሳድግለት ነው። ለዚህ ትዕይንት ሁለት ተዋናይና አንድ ሕፃን ይበቃል፣ ርዝመቱም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ።