ስለ ራማና ማሃርሺ፦ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ እንዴት ይሠራበታል?

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከ1879 እስከ 1950 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሕንድ ስለኖሩት የሂንዱ መምህር ስለ ራማና ማሃርሺ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሁለት ነገሮች አልፈታ ብለውኛል። አንደኛው የትምህርታቸው መግቢያ የሆነው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስጠይቀው መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ የደሴ ሰው ነኝ። ከዚህ አልፎ የሚፈለገው ምንድን ነው? ሁለተኛው ይበልጥ ከብዶኛል። በ16 ዓመታቸው ከቤት ጠፍተው ከሄዱ በኋላ እናታቸው ፈልገው አግኝተዋቸው እያለቀሱ ሲለምኗቸው አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሱም ይባላል። የወላጅ ምርቃት ከሀብት በሚበልጥበት በወሎ ላደገ ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም መምህር። ጥያቄው የተወለደበትን ሁኔታ ማየት ይጠቅማል። በ1896 ማሃርሺ በደቡብ ሕንዷ ከተማ በማዱራይ በአጎታቸው ቤት ሳሉ፣ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው፣ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዛቸው። ሐኪምም ዘመድም አልጠሩም፤ ተጋድመው፣ እጅና እግራቸውን እንደ ሬሳ ገትረው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ይህ አካል ቢሞት እኔም አብሬ እሞታለሁን ብለው ራሳቸውን መረመሩ። እርስዎ የዘረዘሯቸው መልሶች እንግዲህ በዚህ ምርመራ አንድ በአንድ የሚወገዱት ናቸው። አስተማሪነት በጡረታ ያበቃል፣ አገርም ይለወጣል፤ የሚመረመረው እነዚህን ሁሉ «የእኔ» የሚለው ነው።

አሠራሩም በቃል መልስ መስጠት አይደለም። ተማሪ አስቆጥቶዎት ከሆነ «ይህ ቁጣ የመጣው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ለእኔ» የሚል ስሜት ሲነሣ ደግሞ ቁጣውን ትተው ያንኑ «እኔ» ከየት እንደሚነሣ ይከታተላሉ። ማሃርሺ ይህን ጥያቄ የሬሳ እሳት በሚቆሰቆስበት እንጨት መስለውታል፤ ሌላውን አቃጥሎ በመጨረሻ እሱም ይቃጠላል።

ሌላ መልስ፣ ከደሴ

ስለ እናታቸው የተባለው እውነት ነው። በ1898 አላጋማል ሊመልሷቸው በመጡ ጊዜ ዝም ብለው፣ በኋላ ግን ሰዎች ሲያስጨንቋቸው በወረቀት ላይ፣ ሊሆን የተወሰነው መሆኑ እንደማይቀርና ዝምታው እንደሚሻል ጻፉ። ለእናት ጆሮ መራራ መልስ ነው፤ እኔም አላለዝበውም። ይሁን እንጂ በ1916 እናታቸው ጠቅልለው ማሃርሺ ወደሚኖሩበት ወደ አሩናቻላ ተራራ መጥተው ከልጃቸው ጋር ኖረዋል። በግንቦት 1922 ባረፉበት ቀንም ልጃቸው አንድ እጃቸውን በእናታቸው ራስ፣ ሌላውን በእናታቸው ደረት ላይ አድርገው እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ከአጠገባቸው አልተነሡም። የተቀበሩት በተራራው ግርጌ ነው፤ ማሃርሺም ብዙ ሳይቆዩ ወርደው በዚያው ተቀመጡ፣ አሽራማቸውም (ከተከታዮቻቸው ጋር የሚኖሩበት መንፈሳዊ ሰፈር) በመቃብሩ ዙሪያ አደገ።

ሦስተኛ መልስ፣ ከኮምቦልቻ

በእኛ አገር ተራራ ላይ የሚጸልይ ሼህም ባሕታዊም ብርቅ ስላልሆነ፣ ማሃርሺን ከእነሱ እንደ አንዱ አድርጎ መቁጠር ይቀናል። በአኗኗር ይመሳሰሉ ይሆናል፤ በትምህርት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የእሳቸው ትምህርት «ሁለትነት የለም» በሚለው የሂንዱ ፍልስፍና፣ በአድቫይታ መንገድ የሚሄድ ነውና የሰው እውነተኛ ማንነት ከብራህማን፣ ማለትም የሁሉ መሠረት ከሆነው አንዱ እውነታ፣ ሁለት አይደለም ይላል፣ በእስልምናም በክርስትናም ግን ፈጣሪና ፍጡር አንድ አይሆኑም። እንግዳውን ትምህርት አክብሮ ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ነው ብሎ መጨፍለቅ ግን ማንንም ማክበር አይደለም።

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የእናታቸውን ፍጻሜ አላነበብኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን መንገድ የሚከተል ሰው ሥራውንና ቤቱን መተው አለበትን?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

የለበትም። ማሃርሺ ቤታቸውን ጥለው ሊመንኑ የሚጠይቋቸውን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይከለክሏቸው ነበር፤ ጫካ የገባ ሰው ሐሳቡን ይዞ ስለሚገባ ቦታ መቀየሩ ብቻ አይፈይደውም ይሉ ነበር። ራሳቸውም ገና ሳይነጋ ተነሥተው በአሽራሙ ወጥ ቤት ከሠራተኞቹ ጋር አትክልት ይከትፉ ነበር፤ ምግብ ሲታደልም ለሌላው ያልደረሰ ነገር ለእሳቸው ብቻ እንዲጨመር አይፈቅዱም ነበር።