የጎርዮው ልዑል ኡይቾን፦ ገዳም የገባው ተገዶ ነው ወይስ ተሹሞ?

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ለአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ስለ ኮሪያው ልዑልና የቡድሃ እምነት መነኩሴ ኡይቾን የግድግዳ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው። ተማሪዎቹ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሣቸው በፊት አምባ ግሸን ላይ መቆየታቸውን ያውቃሉ፤ በዚያው መንፈስ ኡይቾንን «ዙፋን እንዳይመኝ ወደ ገዳም የተጣለ» ብለው ጻፉት። ልክ ነው? ረቂቁ ደግሞ «81,258 የእንጨት ሰሌዳ ያስቀረጸ» ይላል። የሞተበት ዕድሜም አንዱ ጋ 46፣ ሌላው ጋ 47 ነው። ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልስ የምንሳሳተው የት ነው?

መንዜው አንባቢ፦
መምህር፣ «የተጣለ» የሚለውን ያስወጡት። ኡይቾን የንጉሥ ሙንጆንግ አራተኛ ልጅ ነው። በ1065 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ንጉሡ ልጆቻቸውን ሰብስበው ማን ሊመነኩስ እንደሚወድ ሲጠይቁ እሱ ፈቀደ፤ ዮንግቶንግሳ በሚባለው ገዳምም መነኮሰ። ግሸን የወጣ ልዑል በጠባቂ ታጥሮ ይኖራል፤ ኡይቾን ግን በ13 ዓመቱ ሰንግቶንግ ተብሎ ተሾመ። ይህ የመጻሕፍት ትርጓሜ ለሚያስተምሩ መነኮሳት የመጨረሻው ማዕረግ ነው፤ ሌላው መነኩሴ በፈተና እርከን በእርከን ወጥቶ፣ ፀጉሩ ሲሸብት ነው የሚደርስበት። ቆቡን ቢደፋም ከቤተ መንግሥት አልወጣም ማለት ነው። ሦስቱ ታላላቆቹ ሱንጆንግ፣ ሶንጆንግና ሱክጆንግ ተራ በተራ ነግሠዋል፤ ሱንጆንግ የነገሠው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በሶንጆንግና በሱክጆንግ መካከል የሶንጆንግ ሕፃን ልጅ ሆንጆንግ አለ፤ ተማሪዎች እሱን ስለሚዘሉት የነገሥታቱ ሐረግ ይበላሽባቸዋል።

ልዑልነቱ ግን እግሩንም አስሮታል። የሶንግ ሥርወ መንግሥት ወደሚገዛት ቻይና ሄዶ ለመማር ደጋግሞ ቢለምን ሹማምንቱ አልፈቀዱም። ምክንያቱ ሃይማኖት አይደለም፤ ጎርዮ፣ ማለትም የዚያ ዘመን የኮሪያ መንግሥት፣ በሰሜን በኩል ከኪታኖቹ የልያው መንግሥት ጋር ተስማምታ የምትኖር ስለነበረች፣ የንጉሥ ወንድም የልያው ተቀናቃኝ ወደሆነው ወደ ሶንግ ቢሻገር ጠብ ይጭራል ብለው ነው። በ1085፣ በጨረቃ አቆጣጠር በአራተኛው ወር፣ ለንጉሡ ለወንድሙ ለሶንጆንግና ለእናቱ ደብዳቤ ትቶ ሁለት ደቀ መዛሙርት አስከትሎ በሶንግ ነጋዴ መርከብ ተሳፈረ። ንጉሡ ቢቆጡም የሚያጅቡት ሰዎች ከኋላው ላኩ እንጂ አሳዳጅ አልላኩም። ግድግዳው ላይ ጎላ ብሎ ቢጻፍ የምወደው ይህ ነው፤ ሰውየው መነኩሴም ልዑልም መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። በሶንግ ዋና ከተማ በካይፈንግ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሉት፤ ሃንግጆ ወርዶ ከመምህር ጂንግዩዋን ዘንድ ተማረ። ባዶ እጁንም አልሄደም፤ በቻይና ጠፍተው ኮሪያ ውስጥ የተረፉ የትርጓሜ መጻሕፍት ይዞ ነበር። 14 ወር ያህል ቆይቶ፣ እናቱ ናፈቁ ተብሎ ሲለመን፣ በ1086 ከ3,000 በላይ ጥራዝ ይዞ ተመለሰ።

ብራና ወዳድ (አንኮበር)፦
ስለ ሰሌዳው ልጨምር። 81,258ቱ የእሱ አይደሉም። እነዚያ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት ማተሚያ ሰሌዳዎች የተቀረጹት ከ1236 እስከ 1251፣ በሞንጎሎች ወረራ ዘመን ነው፤ ኡይቾን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። የሚያሳስተው ቦታው ይመስለኛል፦ ሰሌዳዎቹ ዛሬ ያሉት ሄኢንሳ ገዳም ነው፣ ኡይቾንም ሶንጆንግ በ1094 ሲሞቱ ወደዚያው ሄኢንሳ ሄዶ ተቀምጦ ነበር።

የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ሁንግዋንግሳ ገዳም ላይ የማተሚያ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ከሶንግ፣ ከልያውና ከጃፓን ትርጓሜ አሰባሰበ። ልብ በሉ፣ ዋናውን ቃል አይደለም፣ ትርጓሜውንና አንድምታውን ነው። በ1090 ያወጣው ማውጫ 1,010 መጻሕፍት ይዘረዝራል። የዜን (በተመስጦ ላይ የሚያተኩረው የቡድሃ እምነት ወገን) መምህራንን ጽሑፍ ግን አላስገባም፤ ለዚህ እስካሁን ይወቀሳል፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። የእሱ ሰሌዳዎች በሞንጎሎቹ ዘመን ጠፍተዋል።

ተማሪዎቹ ሥራው እንዲገባቸው የሄኢንሳውን ሰሌዳ ልክ ስጧቸው፦ ወርዱ 70 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 24፣ ክብደቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ፤ በአንድ ገጽ 23 መስመር፣ በመስመር 14 ፊደል፣ በሁለቱም ወገን ተቀርጿል። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። እርጥብ እንጨት ላይ ከቀረጹ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥላ ይደርቃል፣ ዳርና ዳሩም ላይ ወፈር ያለ እጀታ ይገጠምለታል። እኛ ብራና ላይ ብንሳሳት በቢላ ፍቀን እንጽፋለን፤ እዚያ የተሳሳተው ፊደል ተፈልፍሎ ይወጣና በቦታው ሌላ የተቀረጸ ቁራጭ እንደ ውታፍ ይሰካበታል።

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ረቂቁ ላይ «በኮሪያ ገንዘብ ያስጀመረ» የሚልም አለ። ይህስ?

ዐሊዩ አምባ ገበያ፦
«ያስጀመረ» ሳይሆን «ሳንቲም ይመታ ብሎ ወንድሙን ንጉሥ ሱክጆንግን የመከረ» በሉት። ከእሱ በፊትም በ996 የብረት ሳንቲም ተሞክሮ ነበር። ሕዝቡ የሚገበያየው በሩዝና በጨርቅ ነበር። በአሞሌ ጨው የተገበያየ የሸዋ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፦ አሞሌ በዝናብ ይሟሟል፣ ጠርዙ ይሸረፋል፤ ሩዙም አሸዋ ይቀላቀልበታል፣ ሸክሙም እንስሳና ሰው ይጨርሳል። ኡይቾን የተከራከረው በዚሁ ነው፤ የሹማምንት ደመወዝ በከፊል በሳንቲም ቢከፈል ሩዙ ለክፉ ቀን በጎተራ ይቀመጣል ብሎም ጽፏል። ሳንቲም የሚመታው መሥሪያ ቤት በ1097 ተቋቋመ፤ ሄዶንግ ቶንግቦ የተባለው ሳንቲም ግን የወጣው በ1102፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው።

ዕድሜው ሁለቱም ልክ ነው። በኮሪያውያን የቆየ ልማድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ተብሎ ይጀመር፣ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር አንድ ይጨመር ነበር፤ በዚያ አቆጣጠር 47፣ በእኛ 46። ከላይ መንዜው የጠቀሰው 13ም የእነሱ ቆጠራ ነው። ዓመቱን ስትመልሱ ሁሉም ላይ 8 አትቀንሱ። ልደቱም ሞቱም ከመስከረም በኋላ ስለሆነ 7 ነው የሚቀነሰው፦ 1055 በእኛ 1048፣ 1101 በእኛ 1094። የ1085ቱ ጉዞ ግን ከመስከረም በፊት ነውና 8 ቀንሳችሁ 1077 በሉት። አጠገቡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ 1094 የሚለው ቁጥር ሄኢንሳ ከገባበት ዓመት ጋር ይደባለቃል። ስም ላይ ደግሞ መጨረሻ ያለችው «ሳ» ራሷ ገዳም ማለት ስለሆነች «ዮንግቶንግሳ» ብቻውን ይበቃል።