ጅማን በአንድ ቀን፦ መጀመሪያ ጅሬን፣ ከዚያ ቡና ቅምሻ

ጅማ ለአንድ ቀን ምን ይታያል፣ ቸኮሌት የሚቀመስበት ቤትስ አለ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ። ጅማ መጥቶ የሚቀመሰው ቸኮሌት ሳይሆን ቡናና ማር ነው። በነሱ ላይ ጊዜ ስጡ።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም። ወይ በአውሮፕላን ኑ፣ ወይ ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ። ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ሐሙስ ይሁን፤ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው።

ጠዋት በጊዜ ጅሬን ውጡ። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ስትይዙ ዋጋውን ደርሶ መልስ ተነጋገሩ፣ ላይ ከወጣችሁ በኋላ መመለሻ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ። እዚያ ያለው የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ናቸው፤ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ። የእንጨቱ ሥራና ሰገነቱ ያፈዛል፣ ከኮረብታው ወደ ታች ስታዩ ደግሞ መነሣት አያምራችሁም። መሀል ከተማ ያለው የጅማ ሙዚየምም የንጉሡን ዕቃዎች ይዟል። ሁለቱንም ብታዩ ጥሩ ነው፤ ለአንዱ ብቻ ጊዜ ካላችሁ ግን ያለ ጥርጥር ጅሬን።

አሁን ወደ ቡናው። ብዙ እንግዳ ታሽጎ የተፈጨውን ገዝቶ ይሄዳል። እኔ አልመክርም። የተፈጨ ቡና መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ ከምን እንደተቀላቀለም ማየት አትችሉም። ጥሬውን ግን በእጃችሁ ዘግናችሁ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን አይታችሁ፣ አሽትታችሁ ትገዛላችሁ፤ ቤት ወስዳችሁም ብዙ ይቆይላችኋል። ባለፈው ከእህቴ ጋር ሩብ ኪሎ የታጠበና ሩብ ኪሎ ጀንፈል ተፈልፍሎ የወጣ ደረቅ ቡና ገዝተን፣ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ እናትን ለምነን ሁለቱንም በየተራ ቆልታ አፈላችልን። ልዩነቱን ያኔ ነው ያወቅሁት። የታጠበው ልጣጩ ከመድረቁ በፊት ስለሚነሣለት ጠራ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነው። ደረቁ ፍሬው ከነልጣጩ ስለሚደርቅ ወፈር ብሎ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። እህቴ የታጠበውን መረጠች፣ እኔ ደረቁን። ለጀበና ደረቁ ይበልጣል ባይ ነኝ። እናንተም እንዲህ ካስፈላችሁ ለሴትዮዋ ለድካሟ በደንብ ክፈሉ፣ የመጀመሪያውን ሲኒም ያለ ስኳር ጠጡት።

ማር ከቡናው በኋላ ይሁን፤ ቀድማችሁ ከላሳችሁ የቡናው ጣዕም ይጠፋባችኋል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ባማረ ጠርሙስ የገዛሁት ማር ቤት ስቀምሰው ስኳር ስኳር የሚል ሆኖ በጣም አዝኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ወይ ከነሰፈፉ እገዛለሁ፣ ወይ ቀምሼ። የረጋ ማር አይታችሁ ግን አትሽሹ፣ መርጋት የማር ጠባዩ ነው። የጫካ ማር ጠቆር ብሎ ጉሮሮ ያዝ ያደርጋል፣ ለብርዝ አንደኛ ነው።

ከጅማ ወጣ ብለው ያሉት አጋሮና ጮጬስ ላላችሁኝ፦ ቡና ተገኘበት የሚባለውን ጮጬን ማየት ደስ ይላል፣ ግን ሌላ ቀን ይፈልጋል። በጥቅምትና ኅዳር ከመጣችሁ ቀይ ፍሬው ሲለቀም ታያላችሁና ያኔ አንድ ቀን ጨምሩ።

የጅማ በርጩማ ሳትገዙ እንዳትመለሱ። ባለ ሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፣ ስለዚህ ገልብጣችሁ እግሩ ሥር ስንጥቅ እንደሌለው እዩ። እርጥብ እንጨት ከሆነም አትውሰዱ፤ ቤት ሲደርቅ ይሰነጠቃል።