የጭስ ምርመራ፦ ጅማ ላይ ቀን ሳይባክን እንዴት ይታለፋል?

የቆጪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ያላችሁ ባለመኪኖች እባካችሁ አማክሩኝ። መኪናዬ ኮሮላ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት፣ ቤንዚን፣ ኢንጀክሽን፣ ኮድ 2። ከአባቴ ነው የተረከብኩት። ዘንድሮ ለቦሎ ምርመራ ሁለት ጊዜ ወሰድኩት፣ ሁለቴም በጭስ ወደቀ። ፍሬኑ አለፈ፣ መብራቱ አለፈ፣ ጎማውም ምንም አልተባለ። ጭሱ ብቻ።

ያንገበገበኝ የባከነው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ከፊቴ ሃያ ምናምን መኪና አለ። ሞተር አጠፋለሁ፣ ሰልፉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አስነስቼ እጠጋለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተራዬ የደረሰው ሰዎቹ ለምሳ ሊወጡ ሲሉ ነው። የመለኪያ ማሽኑን ቱቦ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍ ላይ ከተቱ፣ ትንሽ ቆዩና "ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ብሏል፣ አሠርተሽ ተመለሺ" አሉኝ። በቃ። ጋራዥ ወሰድኩት። ካንዴላ ተቀየረ፣ የአየር ፊልትሮ ተቀየረ፣ ዘይትም ተቀየረ። በሳምንቱ ከሥራ ሌላ ፈቃድ ወስጄ ተመለስኩ። ያው ሰልፍ፣ ያው መልስ። ቁጥሩ ትንሽ ወርዷል፣ ግን አላለፈም።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፈቃድ ልጠይቅ ስል አፌ ይተሳሰራል። አንድ ሰው ደግሞ መኪናው ሳይሄድ ቦሎውን የሚያመጣልሽ ሰው አለ ብሎኛል። አልፈልግም። ልጆቼን የማመላልስበት መኪና ነው፤ እውነት ችግር ካለበት ማወቅ አለብኝ።

እና ሰልፉ የሚቀንሰው መቼ ነው? ወንድሜ ቢወስድልኝ ይቀበሉታል? ጭሱስ ምን ሆኖ ነው? ለዓይን እኮ ምንም አይታይም። ጥቁር አያጨስም፣ ሰማያዊም አያጨስም።

ባለ ዶልፊን፣ የአጋሮ መስመር፦

እህቴ አይዞሽ፣ በዚህ ያላለፈ የለም። የሰልፉን ነገር እኔ ልንገርሽ፣ የሞተሩን ለመካኒኮቹ እተዋለሁ።

እኔ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው ለምርመራ የማቆመው፣ ምክንያቱም መኪናው ካልሠራ ቤት እንጀራ የለም። ስለዚህ መጨረሻውን አልጠብቅም። ሰው ሁሉ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የሚነቃው፣ ያኔ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይይዛል። እኔ ምርመራው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እገባለሁ። ከቀን ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላል። ሰኞ ዕለት በቅዳሜና እሁድ የተጠራቀመው ሁሉ ይመጣል፣ ዓርብ ለጁምዓ ሰው ስለሚወጣ ሥራው ይቆራረጣል። ከበዓል ማግስት አልሄድም። ኃይለኛ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ደግሞ ጥሩ ነው፣ ጅማ ዝናብ ሲጥል ግማሹ ሰው ነገ ይደርሳል ብሎ ይቀራል።

በር ሳይከፈት መድረስ ጥሩ ይመስላል ግን ሁሉም የሚያስበው እሱን ነው። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስደርስ የማለዳው ክምር ቀንሶ ነው የማገኘው። ወይም ከምሳ መልስ፣ ልክ ሲገቡ። እዚያው የሚሠራ ሰው ስልክ ቁጥር ካገኘሽ ጠዋት ደውለሽ "መብራት አለ? ማሽኑ ይሠራል?" ብለሽ ጠይቂ። መብራት ከሄደ ማሽኑም ቆመ፣ አንቺም ቆምሽ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ምክንያት ቆሜ ዋልኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሳልደውል ወጥቼ አላውቅም።

ወረቀትሽን ማታውኑ አዘጋጂ። ሊብሬ፣ ያለፈው ዓመት ቦሎ፣ ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ቀድመሽ ክፈይ። መኪናው ከአባትሽ ስም ካልዞረ ውክልና ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ሰው ሦስት ሰዓት ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ ትናንት አልቆ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ እኔ በምሄድበት ቦታ ሹፌር ሊብሬውን ይዞ ከመጣ ይቀበላሉ። አንቺ የምትሄጂበትን በዚያው ስልክ ጠይቂ።

የመርካቶው መካኒክ፦

የቆጪዋ፣ ከጻፍሽው ውስጥ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። "ሞተር አጠፋለሁ፣ አስነስቼ እጠጋለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ።" ግማሹ ችግርሽ እዚህ ጋ ነው።

የቤንዚን ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን አብዝቶ ነው የሚወስደው። ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ነው የሚጨምርለት፣ አለዚያ አይነሳም። የበዛው ቤንዚን በቂ አየር ስለማያገኝ በደንብ አይቃጠልም፣ ያ ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሆነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ለዚህ ነው ዓይንሽ ያላየው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሴንሰር ደግሞ እስኪግል ድረስ አይሠራም። ካታሊስቱም (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጋዝ ማጣሪያ) እንደዚያው፣ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ጋዙን አያጣራም። ከቆጪ ሰፈር ተነስተሽ አጭር መንገድ ነድተሽ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት እያጠፋሽ ከቆምሽ፣ ማሽኑ የለካው የቀዘቀዘ መኪና ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ከመሄድሽ በፊት በሰርቦ መንገድ ወጣ በይ። ሃያ ደቂቃ፣ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ ትንሽ ጮክ እያለ ንጂው። ዳገት ካገኘሽ እሰየው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ምርመራው። ሰልፍ ላይ ከፊትሽ አራት አምስት መኪና ሲቀር ሞተሩን አታጥፊ። የሙቀት ጌጁ መሀል ላይ ደረሰ ማለት ደግሞ ሁሉ ነገር ሞቋል ማለት አይደለም፤ እሱ የሚያሳየው ውኃውን ነው፣ ዘይቱና ካታሊስቱ ከኋላ ነው የሚደርሱት።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። መኪና ለማሞቅ ብለሽ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሺ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ነው የሚይዘው። ሰው እንቅልፍ እንደያዘው ሳያውቀው ይሞታል።

አሁን ሁለተኛው ግማሽ። የሰጡሽ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን እይልኝ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) የተለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስንት ነው? ነዳጅ ተሰጥቶት ሞተሩ ሲጮህ የተለካውስ? ሀይድሮካርቦን የሚለውስ? ካርቦን ሞኖክሳይዱ ብቻውን ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሀይድሮካርቦኑ ከፍ ካለ ሳይቃጠል የሚወጣ ቤንዚን አለ፣ ያኔ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ ወይም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ነው የሚታየው። ወረቀቱን ሳያዩ ካንዴላ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። መካኒክሽን አልወቅስም፣ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን መጠየቅ ነበረበት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) አለ? እዚህ አገር ብዙ ጋራዥ መኪና ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ውኃው ያለማቋረጥ ይዞርና ሞተሩ በደንብ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። በጅማ ጠዋት ደግሞ ይባስ ይቀዘቅዛል። ጌጁ በረዥም መንገድ ላይ ወደ ታች ይወርዳል?

የቆጪዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አወጣሁት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በሚኒሞም ሲጮህም ከፍ ያለ ነው፣ ሀይድሮካርቦኑ ግን አልፏል ይላል። ጌጁን ስትል ደነገጥኩ። ባለፈው ወደ ወልቂጤ ስንሄድ ጊቤን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ መሀል ላይ ነበር፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ወደ ታች ወረደ። ደህና ነው፣ አልጋለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴን ጠየቅኩት። ከብዙ ዓመት በፊት ግሎበት አንድ ጋራዥ "የማያስፈልግ ዕቃ" ብለው አውጥተውለት እንደነበር አስታወሰ።

የመርካቶው መካኒክ፦

እሱ ነው። ቴርሞስታት ውድ ዕቃ አይደለም፣ የተጻፈበት ዲግሪ ለመኪናሽ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጪ። ሲገባ ላስቲኩ አዲስ ይሁን። ራዲያተሩንም አስታጥቢ፣ ምክንያቱም ያኔ ያጋለው ሌላ ነገር ከሆነ ቴርሞስታቱ ሲመለስ ተመልሶ ሊግል ይችላል። የራዲያተር ማራገቢያው በሰዓቱ መነሳቱን ቆመሽ እዪ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ንጂው፣ ሳትሞክሪው ወደ ሰልፍ አትሂጂ። ከምርመራ ጣቢያው ውጪ ጋዝ መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኘሽ ቀድመሽ አስለኪ። ሰልፍ የሚያስቀረው ይሄ ነው፤ ቁጥርሽን አውቀሽ ስትሄጂ አንዴ ብቻ ነው የምትሰለፊው።

ዲኤክስ አለኝ፦

እኔስ? የኔ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። ኮምፒውተርም ሴንሰርም የላትም። እሷም በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የምትወድቀው። አዲስ አበባ አሠርቼያት ነበር የመጣሁት።

የመርካቶው መካኒክ፦

ካርቡራተር ያለው በማስተካከያ ብሎኑ ነው የሚስተካከለው፣ ግን በጆሮ ብቻ አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ያው ካርቡራተር ቤንዚን የሚያበዛ ይሆናል። አንተ ወደ ታች ነው የወረድከው፣ ስለዚህ ከፍታው እንዲያውም ሊረዳህ ይገባ ነበር። አሁንም ከወደቀች ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚያጠበውን) እይ፣ ተጣብቆ ሳይከፈት የሚቀር አለ። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀውን ተንሳፋፊ፣ ውስጧ ቤንዚን ገብቶ ከከበደች ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይሞላል። ጋዝ መለኪያ ላይ አድርገህ ሚኒሞውን አስተካክል፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ባለ ዶልፊን፣ የአጋሮ መስመር፦

ናፍጣ ያላችሁም አትርሱ፣ የኛ ምርመራ ሌላ ነው። ነዳጁን እስከ ታች ይረግጡታል፣ ይለቁታል፣ ደጋግመው። የጭሱን ጥቁረት ነው የሚለኩት። ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ የዋለ ናፍጣ ማርሚታው ውስጥ ጥላሸት ያጠራቅማል፣ የመጀመሪያው ርግጫ ላይ ሁሉንም ይተፋዋል። ስለዚህ እኔ የአጋሮን ዳገት ጭነት ይዤ ከወጣሁ በኋላ ነው የምሄደው። ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝልና የሚገፋው ፖምፓ ግን ከተበላሹ በዳገት አይድኑም። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይ ናፍጣ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ዘይት እየበላ ነው። ታይሚንግ ቺንጋው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከምርመራ በፊት ቀይሩት፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሲያስጮሁት ቢበጠስ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አብሮ ይሄዳል።

መኪናው ሳይታይ ቦሎ የሚያመጣ ሰው ላይ ደግሞ የቆጪዋ ልክ ነሽ። እኔ ሰው ጭኜ ነው የምሄደው። ፍሬኔን ማንም ሳያየው ወረቀት ብቻ ይዤ ቁልቁለት መውረድ አልችልም።

አጂፕ ጋ ሱቅ ያለኝ፦

እኔ መኪና የለኝም፣ ግን ሳነብ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ሱቄ መንገድ ዳር ነው። ቀኑን ሙሉ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ ፊቴ ላይ ነው የሚያጨሰው። ማታ አፍንጫዬን ስጠርግ ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። ሁለት ቀን ተሰልፋችሁ፣ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ የምታሠሩ ሰዎች፣ እኔና ልጄ የምንተነፍሰው አየር ነው የምታስተካክሉት። አመሰግናለሁ ከልቤ።

የቆጪዋ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቴርሞስታቱ ገባ፣ ራዲያተሩ ታጠበ። ጌጁ አሁን መሀል ላይ ቁጭ ብሎ አይነቃነቅም። ቤንዚንም የቀነሰ ይመስለኛል፣ ገና እየመዘገብኩ ነው። ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ፣ መብራት አለ አሉኝ። ወንድሜ እስከ ሰርቦ ነድቶ ተመልሶ በአራት ሰዓት ገደማ ገባ፣ ከፊቱ ሰባት መኪና ነበር። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የቦሎውን ፎቶ ላከልኝ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ አልፏል፣ በሰፊው። የአጂፕ ባለሱቅ፣ ቅዳሜ ሱቅሽ ጋ ብቅ እላለሁ፣ ቡናውን እኔ ነኝ የምጋብዘው።