በእንጦጦ ግርግር መካከል መደነቅ ይቻላልን?

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ፦
ባለፈው እሑድ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ እንጦጦ በእግሬ ብወጣም፣ ፎቶግራፍ የሚነሡና ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር የጓጓሁለትን ጸጥታ ሳላገኝ ተመለስኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተደነቃችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ብታስረዱኝ?

መልስ፣ ከፒያሳ፦
ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ማጠሩ ስለማይቀር፣ እኔ በቆምኩበት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እመለከታለሁ። ባለፈው የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነበር፤ ግራጫው እንደ ጥብጣብ ተልጦ ሲንጠለጠል፣ ከሥሩ ለስላሳና ነጣ ያለ ግንድ ይታያል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ (መሬት ያደርቃል ተብሎ ቢወቀስም) የከተማይቱ ማገዶ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

መልስ፣ ከካዛንቺስ፦
ሰዎቹንም ይመልከቱ እንጂ። ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን መንገድ ለቅቄ ሳሳልፍ፣ የእኔ ድካም ያሳፍረኛል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፤ የፊታችን እሑድ ከቅርፊቱ እጀምራለሁ።