የኋላ ዲስክ ፍሬን ሲያዝ ይጮኻል

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ ፍሬን ሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ) ነው፣ ዲስኩ ባለ 160 ሚሊሜትር። የኋላው ሲያዝ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት ያወጣል፣ መያዙም ደክሟል። ሰንሰለቱ ላይ በቅርቡ የሚረጭ ዘይት ተነፍቷል። የፍሬኑ ሸራ ገና 2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ምን ልቀይር?

መልስ 1፦ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ጩኸትና ድክመት አብረው ከመጡ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው፤ የነፋኸው ዲስኩ ላይ አርፏል። ጎማውን አውጣና ሸራዎቹን ንቀል። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው፣ ጨርቁ ሳይጠቁር እስኪወጣ ድረስ። የሸራውን ፊት በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ እሸው። ጎማው ወጥቶ ሳለ የፍሬኑን እጀታ እንዳትጨብጥ፣ ሸራዎቹን የሚገፉት ፒስተኖች ተገፍተው ይወጣሉ።

መልስ 2፦ ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን ማሸቱ ለሁለት ቀን ነው፤ መቀየር ይሻላል። አዲሱን አለማምደው፦ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጠን፣ ሳትቆም ወደ እርምጃ ፍጥነት አውርድ፣ 20 ጊዜ ያህል። «አዲሱም ይጮኻል» የሚሉት አብዛኞቹ ይህን የዘለሉ ናቸው።

መልስ 3፦ ፍሬን ሳይያዝ ቺስ ቺስ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። የካሊፐሩን (ሸራዎቹን የያዘውን ክፍል) ሁለት ብሎኖች በ5 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ አላላ፣ እጀታውን ጨብጠህ ሳትለቅ እያፈራረቅህ አጥብቅ።