ለስሜንና ለዳሎል ቀረጻ፦ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ላሟላ?

ብርሃን ተከታይ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሠርግና የድርጅት ቪዲዮ ነበር የምቀርጸው። አሁን አንድ የውጭ አገር የጉዞ አዘጋጅ ለታኅሣሥ ሥራ ሰጥቶኛል። መጀመሪያ ስሜን ተራሮች፣ አምስት ሌሊት በድንኳን። ከዚያ ዳሎል። ረዳትም ድምፅ ቀራጭም የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ያለኝ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ 24-105 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ጂምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ) እና ሦስት ባትሪ ነው። ግማሹን ክፍያ ቀድመው ይልኩልኛል። በሱ አዲስ ካሜራ ልገዛ አስቤያለሁ፤ የኔው 8 ቢት ብቻ (የቀለም ደረጃው ጥቂት የሆነ) ስለሚቀርጽ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ድሮንስ ልያዝ? ውሉን ገና አልፈረምኩም።

ዳገት ወጪ
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ካሜራውን አትቀይሪ። ገንዘቡን ባትሪ ላይ አውይው።

የስሜን ካምፖችን ብታዪ፣ ሳንካበር ራሱ 3,250 ሜትር ገደማ ነው፣ ጊች ደግሞ 3,600። በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይከዳዋል። ባትሪዎችሽን በሙሉ ካልሲ ውስጥ ከተሽ ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ ይዘሻቸው ተኚ። ቀን ላይ ሁለቱን ከጃኬቱ ሥር፣ ደረትሽ አጠገብ ያዣቸው። በብርድ ያለቀ የመሰለ ባትሪ ሲሞቅ ትንሽ ይመለሳል፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪበት።

ሒሳቡን ልንገርሽ። የካሜራሽ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። በመሙላት የሚባክነው ሲቀነስ ሦስት ባትሪ ያህል ይሞላልሻል። ስለዚህ ባትሪውን ስምንት አድርሺው፣ ሁለት ፓወር ባንክ ጨምሪበት። ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል ሶላር ላይ ግን አትመኪ። ስትራመጂ ጥላው ይበዛል፣ ካምፕ ስትደርሺ ደግሞ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው።

እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ከሆነ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጫነው። እያንዳንዱ እስከ 100 ዋት ሰዓት ከሆነ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ100 እስከ 160 ያለውን አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ስንት መያዝ እንደሚቻልም ቀድመሽ ጠይቂያቸው። የባትሪዎቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኚ።

የደባርቅ ልጅ
እንኳን ደህና መጣሽ ወደኛ አገር። አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት (ጠባቂ) እና በቅሎ ከደባርቅ ይያዛሉ። ከቱሪስት መግቢያው ሌላ የቀረጻ ፈቃድ አለ። ማን እንደሚያወጣውና ማን እንደሚከፍል ከአዘጋጁ ጋር አሁኑኑ ጨርሺ። የመንገዱን ጸጥታም ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ካሉ ሰዎች አጣሩ።

ካሜራሽን በቅሎ ላይ አታስጭኚ። በቅሎዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ሲመጣ ካሜራሽ ካምፕ ደርሶ ይጠብቅሻል።

ጭላዳዎቹ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ሣር ይግጣሉ። ቀድመሽ ደርሰሽ ቁጭ በይ፣ አትከተያቸው። ለነሱ የሌንስሽ 105 ይበቃል። ዋልያ ግን ሩቅ ነው፣ ረጅም ሌንስ ተከራዪ።

ድሮኑን በሚመለከት፣ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ በእጅሽ ከሌለ ይዘሽ አትውጪ። አዘጋጁ ከውጭ አመጣለሁ ካለም ያው ነው፣ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዝበታል።

ቀለም ሠሪ
የ8 ቢቱ ጉዳይ የምትፈሪውን ያህል አይደለም። ኤስሎግ 3 ላይ (በኋላ ቀለሙ በኤዲት እንዲሠራ ደብዝዞ የሚቀረጽበት ምርጫ) ካልቀረጽሽ ማለቴ ነው። 8 ቢት በኤስሎግ 3 ሲቀረጽ ጥርት ያለ ሰማይ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ስሜን ደግሞ ሰማዩ ግማሹን ፍሬም ነው የሚይዘው። ኤችኤልጂ 3 በሚባለው ሌላው የካሜራሽ የሥዕል ምርጫ ላይ ቅረጪ።

ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ ካሜራ ኤስሎግ 3 ከአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 አይወርድም፣ ኤችኤልጂ ግን 125 ድረስ ይወርዳል። በቀትር ፀሐይ፣ ሻተር 1/50፣ ኤፍ 5.6 ላይ ብትሆኚ ለኤስሎግ ኤንዲ 128 (ብርሃን የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ያስፈልግሻል። ለኤችኤልጂ ኤንዲ 16 ወይም 32 ይበቃል። ዳሎል ነጭ ጨው ላይ ኤንዲውን በአንድ ደረጃ ጨምሪ።

ዳገት ወጪ
እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ኤስሎግ 2ን አብዝቶ ብርሃን ሰጥቶ መቅረጽ ለኔ ሠርቶልኛል። ግን ካልለመድሽው ለዚህ ሥራ አትሞክሪው፣ ቀለም ሠሪ ያለሽን አድርጊ።

ጆሮ ብቻ
ድምፁን ማንም አላነሳም! የተራራ ንፋስ የካሜራውን ማይክ ዋጋ ያሳጣዋል። ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ያለው ማይክ የግድ ነው። ለአስጎብኚው ላቫሊየር ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ) ከጋቢው ሥር አድርጊለት። ማታ እሳቱ ዳር ሲጫወቱም ካሜራው ባይሠራ እንኳ ድምፁን ቅረጪ። ኤዲት ላይ ስትቀመጪ ፊልሙን የሚያያይዝልሽ እሱ ነው።

ጨው የለመደ
በዳሎል ዙሪያ ያለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ነው። ታኅሣሥ ከሌላው ወር ይሻላል፣ ሙቀቱ ግን ሙቀት ነው። ካሜራውን ስታሳርፊ አጥፊው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሺው። ሜኑው ውስጥ በሙቀት የሚጠፋበትን ልክ ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን ትራይፖድ ላይ ስትሆኚ ተጠቀሚበት።

ዋናው ጠላት ጨውና አሲድ ነው። እዚያ ሌንስ አትቀይሪ፣ 24-105ቱ እንደተገጠመ ይዋል። ጨዋማ ውኃ ውስጥ ትራይፖድ ስታቆሚ መጀመሪያ የታችኛውን እግር ዘርጊ። መቆለፊያዎቹ ከውኃው በላይ ይቀራሉ። ማታ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጊው። በደረቅ ጨርቅ ካሸሽው ጨውና አቧራው መስታወቱን ይጭረዋል። ኤሲ ካለው መኪና ካሜራ ስታወጪ በላስቲክ ታሽጎ ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቢም እንደዚያው ነው።

ፍልውኃው ዳር ያለው ቅርፊት ስስ ነው። መሪሽ ካልረገጠበት አትርገጪ። ለሥዕል ብለሽ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንዳትሄጂ፣ አደራ።

ውል አንባቢ
ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን አስገቢ። የጉዞ ቀንና አየር ጠባይ ያበላሸው ቀን ይከፈላል ወይ? ኤዲቱን ስንት ጊዜ ማስተካከል አለብሽ? ብትታመሚ ከተራራው የሚያወርድሽ ማነው፣ ወጪውስ? የነሱ ቱሪስቶች ኢንሹራንስ አላቸው፣ አንቺም ይኑርሽ።

በኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ መብቱ የአሠሪው ነው፤ በውል ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር። ስለዚህ ቢያንስ ለሥራ ማሳያሽ የመጠቀም መብት በጽሑፍ ያዢ። ያልተጠቀሙበትን ጥሬ ቀረጻም ለራስሽ ለማስቀረት ጠይቂ። ደንበኛው የውጭ ስለሆነ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው ይጻፍ።

ብርሃን ተከታይ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካሜራውን ትቼዋለሁ፣ ባትሪና ማይክ ነው የምገዛው። ድሮኑም ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሚሞሪ ስንት ልያዝ? ላፕቶፕስ ተራራ ላይ ልውሰድ?

ዳገት ወጪ
ላፕቶፑን ጎንደር ተይው፣ ባትሪሽን ነው የሚበላብሽ። 4ኬ በ100 ሜጋ ቢት በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይወስዳል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትቀርጪ 90 ጊጋ ነው። ለቀን አንድ ጥንድ ባለ 128 ጊጋ ካርድ መድቢ። ካሜራሽ ሁለት ማስገቢያ ስላለው ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጊው። ማታ አንዱን ካርድ አንቺ ያዢ፣ መንትያውን ለአስጎብኚው በታሸገ ሳጥን ስጪው። ጎንደር ስትመለሺ ሁለት ኤስኤስዲ (ውጫዊ የፋይል ማከማቻ) ላይ ገልብጪ። አዲስ አበባ ገብተሽ ፋይሎቹ ተከፍተው እስክታያቸው ድረስ አንዱንም ካርድ ፎርማት አታድርጊ።